784 ኪሎ ሜትርን ብናጥፈውስ?

የድሬ ልጅ ከሆናችሁ ይህችን ቁጥር ታውቋታላችሁ፤ 784። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የአሮጌው ሐዲድ ርዝመት ናት፣ በኪሎ ሜትር። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደርሶ ድሬዳዋን ወለደ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1917 ፈጀበት። ታሪኩን ለታሪክ አዋቂዎች ትተን እኛ ዛሬ ቁጥሯን ራሷን ልንፈታታት ነው።

አቦ፣ ተራ ቁጥር እንዳትመስላችሁ! 28 ጊዜ 28 ናት፤ ሙሉ ካሬ። 28 ደግሞ በባሕረ ሐሳብ የዐውደ ፀሐይ ዓመታት ቁጥር ነው። ከራሱ በቀር የሚያካፍሉትን 1ን፣ 2ን፣ 4ን፣ 7ንና 14ን ብትደምሩ መልሶ 28 ይመጣል፤ የጥንት ግሪኮች እንዲህ ያለውን «ፍጹም ቁጥር» ብለውታል። ይህም አልበቃት። 1፣ 8፣ 27፣ 64፣ 125፣ 216፣ 343 ከ1 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ በራሳቸው ሲባዙ የሚገኙ ናቸው። ደምሯቸው። 784!

ከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጠን በዚህ ስንፎክር አንዱ ጓደኛችን ሁላችንንም አበረደን። «ፈረንሳዮች ሠርተውት ነው እኮ በኪሎ ሜትር የተለካው። እንግሊዞች ቢሆኑ ኖሮስ?» በማይል 487 ገደማ ነው። 487ን ደግሞ ከ1ና ከራሱ በቀር ምንም አያካፍለውም። ያ ሁሉ ካሬ፣ ያ ሁሉ ፍጹምነት በአንድ የመለኪያ ለውጥ ጭጭ!

እውነቱን ነው። ካሬነቱ የቁጥሩ እንጂ የሐዲዱ አይደለም። ቢሆንም እንደ መርዶ ነው የሰማነው፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2008 ከቆመ ወዲህ በእጃችን የቀረችው ቁጥሯ ነበረች። (በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር የራሱ ሐዲድና የራሱ ርዝመት አለው።)

እልህ ይዞን በሜትር ሞከርነው፤ 784,000። ካሬነቱ እዚህም የለም፤ 1,000 ራሱ ካሬ አይደለማ። ግን እኩል የሚያካፍሉት 96 ቁጥሮች አሉ! የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ደግሞ ልክ 1 ሜትር ነበር። ስለዚህ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው መሬት 784,000 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ይህን ሐዲዱ ራሱ ይዞታል፣ ማንም ቁጭ ብሎ የፈጠረው አይደለም። እያንዳንዷን ካሬ ቆርጠን ብንደረድራትስ? 875 ጊዜ 896 በትክክል 784,000 ይሰጣል። እስከ ባሕር የሚሄደው መንገድ በሙሉ አንድም ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ሜዳ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል! ዙሪያው 3,542 ሜትር፤ በእግር ከአንድ ሰዓት በታች፣ የድሬ ፀሐይ ከፈቀደች።

ያ ያበረደን ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አባዛው። ከዚያ ቀና አለና፣ «ለገሃር ጀርባ ያለው ቦታ ይበቃዋል እንዴ?» አለን።