ከሆለታ እስከ ጌዶ፦ መቶ አለቃው ያመጣው ንጉሥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፣ ግንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አልፎ ጌዶ የደረሰ መንገደኛ ካፖርቱን መደረቡ አይቀርም። የጨሊያ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጌዶ ደጋ ናት፤ የጧት ብርዷ እንግዳና ባለ አገር አይለይም። የፊንጫ መንገድ ከነቀምቴው የሚለየው እዚሁ ስለ ሆነ መኪና የሚጠብቅ ሰው አይታጣባትም። እኔም አንድ ማለዳ ሻይ ቤት ገብቼ ስጠብቅ፣ በቅርቡ የተመደበ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አጠገቤ ተቀመጠ። በእጁ የታሪክ መጽሐፍ ይዟል፤ በገጾቹም መካከል የታጠፈ ወረቀት ይታያል።

«ጋሼ፣ የፈረንሳይ ጄኔራል ለስዊድን ነገሠ የሚለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እውነት ነው። የአውሮፓ ነገር ስለ ሆነ ዘመኑን በእነርሱ አቆጣጠር እንጥራው። ዣን ባፕቲስት በርናዶት በ1763 ፖ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። በ1780 ተራ ወታደር ሆኖ ገብቶ በ1804 የናፖሊዮን ማርሻል ለመሆን በቃ። ስዊድን በበኩሏ በ1809 ፊንላንድን ለሩሲያ ለቀቀች፤ ንጉሧ ወራሽ የሌለው ሽማግሌ ነበረ፤ የተመረጠውም አልጋ ወራሽ በ1810 በድንገት ሞተ። በዚህ ጊዜ ኦቶ ሜርነር የሚባል መቶ አለቃ ወደ ፓሪስ ተላከ። እርሱም ማንም ሳያዘው በርናዶትን የአገሩ አልጋ ወራሽ እንዲሆን ጠየቀው! አገሩ ሲመለስ ስለ ድፍረቱ ታሰረ፤ ሐሳቡ ግን አልታሰረም። በርናዶት በ1806 የማረካቸውን ስዊድናውያን በደግነት ይዟቸው ስለ ነበር ስሙ በመኰንኖቹ ዘንድ የታወቀ ነበረ። ነሐሴ ላይ ሸንጎው ኤሬብሩ ከተማ ተሰብስቦ መረጠው፤ በ1818ም ነገሠ።

«እንቢ ቢልስ ኖሮ?» አለ ወጣቱ።

ምናልባት ዘውዱ ለሟቹ አልጋ ወራሽ ወንድም ይተርፍ ነበር። ምናልባትም ስዊድን ፊንላንድን አስመልሳለሁ ብላ ከሩሲያ ጋር እንደገና ትዋጋ ነበር። በርናዶት ግን ፊንላንድን ትቶ ፊቱን ወደ ኖርዌይ መለሰ። ከ1814 በኋላ ስዊድን ከጎረቤቶቿ ጋር ጦር ሳትማዘዝ ኖረች።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?»

መልሱን ሆለታ ላይ አልፈኸው መጣህ አልኩት። በ1927 ዓ.ም. የገነት ጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኰንኖች ነበሩ። ስዊድን በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ስላልነበራት ትታመን ነበር። በዚያን ጊዜ የነገሠውም ጉስታቭ አምስተኛ የበርናዶት የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጠላት ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ብዙዎቹ ወደ ነቀምቴ ሄዱ፤ እዚያም ጥቁር አንበሳ ከተባለው ማኅበር ጋር ተሰለፉ። በሰኔ ወር ቦናያ ላይ የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮም ተገደለ። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 1929 ዓ.ም. በኋላ ተረሸኑ።

«እንግዲህ» ብዬ ደመደምኩ፣ «ያ ማርሻል እንቢ ቢል ኖሮ የሆለታ ልጆች ላይኖሩ ይችሉ ነበር።»

ወጣቱ ሻዩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ የግንጪ አካባቢ ልጅ ነኝ። ጃገማ ኬሎ ጫካ ሲገባ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። እርሱን የትኛው ስዊድናዊ አስተማረው?»

አንገቴን ደፋሁ። አስተማሪው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር፤ ተማሪው ግን ያው ነው። እኔ ስለ ነገሥታት ሳወራ፣ ታሪኩን ያንቀሳቀሱት አንድ ያልታዘዘ መቶ አለቃና አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መሆናቸውን ዘንግቼው ነበር።

የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ወጣቱ የታጠፈውን ወረቀት ከመጽሐፉ አወጣ፤ የዝውውር ማመልከቻ ነበረ።

«ትሰጠዋለህ?» አልኩት።

«ዛሬስ አልሰጥም፤ የቢሮ ሰዓት ደርሷል፣ ባለጉዳዮች በር ላይ ቆመዋል» ብሎ ወረቀቱን ወደ ኪሱ ከተተና በጌዶ ጭጋግ ውስጥ ወደ ሥራው አቀና።