ከሰው ራስ በላይ የቆመ ውሃ

ፒያሳ ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤት በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። የኛ ፎቅ ተርፏል፤ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ከጣውላው ሥር እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ከነልጆቻቸው ይተኛሉ። ወንድሜ ታዲያ እዚህ ጣውላ ላይ የዓሣ ገንዳ አቁሟል። ከገንዳው በታች ማጣሪያ ገንዳ አለ፤ ውሃው በቱቦ ይወርዳል፣ ፓምፕ መልሶ ያወጣዋል። ውሃ በፈረቃ በሚጠበቅበት ከተማ ይህ ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ ይበል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መብራት ሲጠፋስ?

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ውሃው ግን አይቆምም። የመመለሻው ቱቦ አፍ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከሆነ፣ አየር እስኪያገኝ ድረስ ውሃውን ወደ ኋላ ይስበዋል። ገንዳው ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጎድል 6.4 ሊትር ወረደ ማለት ነው። የታችኛው ሞልቶ ከጠበቀው፣ ትርፉ በእትዬ አልጋ ላይ ነው።

ስለዚህ የታችኛው ምንጊዜም ጎደል ይላል። ቱቦውም ከውሃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ተበስቷል፤ በቀዳዳው አየር ሲገባ መሳቡ ይቋረጣል። ቀዳዳውና መውረጃው በየሳምንቱ ይጠረጋሉ፤ መውረጃው ከተደፈነ ፓምፑ እየሠራም የላይኛው ይገነፍላልና።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሶኬቱን ሆን ብለን እንነቅላለን። «መብራት ኃይል አነሰና ደግሞ እናንተ ታጠፋላችሁ?» ትላለች እማዬ። እኛ ግን ውሃው ካሰመርነው መስመር ማለፍ አለማለፉን እናያለን። ሲሠራማ ሁሉም ያምራል፤ ከሰው ራስ በላይ የሚኖር ግን የሚቆምበትን ሰዓት አስቀድሞ ሊያስብ ይገባል።