የፊቱና የኋላው ፍሬን

መኪና ሊገዛ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጕልበትና ስለ ቀለሙ ውበት ነው፤ ስለ ፍሬኑ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሞተር ቢደክም ከመንገድ ያስቀራል፤ ፍሬን ቢደክም ግን ከቤተ ሰብ ይለያል። ስለዚህ በቤታችን ስላለችው አሮጌ መኪና ፍሬን የመከርነውንና የሠራነውን፣ ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ለመጻፍ ወደድሁ።

አባታችን ትተውልን ያለፉት መኪና ቮልስዋገን ናት። ዕድሜዋ ከሃምሳ ዓመት ያለፈ ሲሆን፣ በአራቱም እግሯ ላይ የነበረው የታምቡር ፍሬን ነው። ይህም ፍሬን ከጎማው ጋራ በሚዞር፣ እንደ ከበሮ በተዘጋ ብረት ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ጨረቃ መሳይ ብረቶች ያሉበት ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ውጭ ተገፍተው ከበሮውን ከውስጥ እየፈተጉ ያቆሙታል። በከተማ ደልዳላ መንገድ የሚታማ አይደለም። እኛ ግን በየዓመቱ እናታችንን ለመጠየቅ ወደ ደብረ ማርቆስ እንሄዳለን፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ ደግሞ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ነው። በዚያ ቁልቁለት ታምቡሩ ይግላል፤ ሲግልም ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወትሮ ከሚቆምበት አልፎ ይወርዳል። ልጆቼ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲሣሣቁ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሲሸሽ ከተሰማኝ ቀን ጀምሮ፣ ነገሩ የምቾት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ሆነብኝ።

ዲስክ ፍሬን ከዚህ ይለያል። በግልጥ ቦታ የሚዞር ዝርግ ክብ ብረት ነው፤ ካሊፐር የሚባለው መያዣ ከግራና ከቀኝ በሁለት ሸራዎች ይቆነጥጠዋል። ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል፤ ውኃ ቢነካው ቶሎ ይደርቃል፤ ሸራው ሲያልቅም ለመለወጥ አያስቸግርም። አሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ አገር በለ ማን በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት የጃጓር መኪና ድል ካደረገ በኋላ ዝናው በዓለም ተሰማ።

ታናሽ ወንድሜ ለኋላ ጎማ የሚሆን ዲስክ ከነካሊፐሩ በርካሽ አግኝቶ አመጣ። «ወንድም ጋሼ፣» አለኝ፤ «ሞተሯ ያለው ከኋላ ነው፤ ክብደቷም ከኋላ ነው። እንግዲህ የፊቱ ባለበት ይቆይና የኋላውን እናጠንክር።» ነገሩ ለሰሚ የቀና ይመስላል። ሆኖም ለብዙ ዘመን በሙያው የኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደን እንድንጠይቅ ተስማማን።

እርሳቸውም በጥያቄ መለሱልን። «ልጆቼ፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ቁልቁለት ወርዳችሁ ታውቃላችሁን? ሸክሙ የሚበረታው በማን ላይ ነው?»

«በፊተኞቹ ላይ ነው እንጂ፣» አለ ወንድሜ።

«መኪናም ፍሬን ሲያዝ እንደዚሁ ነው። ክብደቷ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ኋላዋ ይቀላል። የቀለለ ጎማ በብርቱ ቢያዝ መዞሩን ያቆምና ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ጅራቷ ራሷን ልቅደም ትላለች። ሞተሩ ከኋላ መሆኑ የኋላውን ድርሻ ከሌሎች መኪኖች ከፍ ያደርገዋል፤ ሕጉን ግን አይሽረውም። በመጀመሪያ የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን።»

ወንድሜ ቅር ቢለውም እሺ አለ። የተገኘው ገንዘብ ለፊቱ ዲስክ ዋለ፤ የኋላው ዕቃ በሣጥን እንደ ተቀመጠ ዓመት ቆየ። ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ መግጠም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆን ነበር።

ዘንድሮ የኋላው ተራ ሲደርስ፣ ሽማግሌው እያንዳንዱን ነገር እያሳዩ ሠሩት። ካሊፐሩ ከቸርኬው ጋራ እንዳይነካካ አስቀድመው ለኩ። ዋናውን የፍሬን ፓምፕ መረመሩ፤ በታምቡር ፍሬን ጊዜ ጥቂት ግፊት በቧንቧው ውስጥ እንዲቀር የሚያደርግ ቫልቭ ይኖራልና፣ ያ ቫልቭ ባለበት ቢቀር ሸራው ከዲስኩ ሳይላቀቅ እየታከከ ያግለዋል። ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ሌላ ቫልቭም ጨመሩ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚያያዝበት ካሊፐር መሆኑንም አረጋገጡ፤ የእጅ ፍሬን የሌለው የኋላ ዲስክ ዳገት ላይ ለሚቆም መኪና አደጋ ነው። የአክስሉን ትልቅ ዳዶ በልኩ ካጠበቁ በኋላ፣ ማሰሪያዋ ሽቦ የምትገባበት ቀዳዳ ባይገጥም ወደፊት ጥቂት አጠበቁት እንጂ ወደ ኋላ አላላሉትም።

የፍሬኑንም ዘይት በሙሉ ለወጡት። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ የተወሰነ ነው፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ልኩ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲረገጥ ይጨመቃልና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መለወጡ ይበጃል።

ከዚያም ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ በዝግታ ፈተንነው። ወንድሜ ራቅ ብሎ ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆም ይመለከት ነበር። የኋላው ሲቀድም ቫልቩን ቀነስን፤ ሁልጊዜ የፊቱ የሚቀድም እስኪሆን ድረስም ደጋግመን አደረግነው።

ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤ ዲስክ ቢገጠምም ሞተሩ ከፍሬኑ ጋራ መያዝ አለበትና። ከድልድዩ ስንደርስ ፔዳሉ ከጎሐ ጽዮን በነበረበት ከፍታ ላይ ነበር። ከዚህ ለውጥ የሚበልጠው የፊቱ ዲስክ ሥራ መሆኑን ግን ወንድሜም አልካደም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ አሮጌ መኪና ያለች እንደ ሆነ፣ ገንዘብህም ለአንድ ወገን ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከፊቱ ጀምር። ለዚያም ካልበቃ፣ በአዲስ ሸራና በአዲስ ዘይት በሚገባ የተስተካከለ ታምቡር፣ ሚዛኑ ካልተጠበቀ ዲስክ ይሻላል። የኋላውን የምትለውጥ ከሆነ ግን ለባለሙያው ሦስት ነገር ጠይቀው፤ ቀድሞ የሚይዘው የትኛው ጎማ ነው? የእጅ ፍሬኑስ በምን ይያዛል? በዋናው ፓምፕ ውስጥ ያለው ቫልቭ ምን ሆነ? መልሱን ሳትሰማ ልጆችህን አታሳፍር።