ጾመ ነቢያትና የአሜሪካኖች የምስጋና ማዕድ

የአሜሪካ ሕዝብ በየዓመቱ በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ፣ ዘመድ ከዘመዱ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተሰብስቦ ምስጋና የሚያቀርብበት በዓል አለው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1621 በፕሊመዝ የሰፈሩ እንግሊዛውያን ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከዋምፓኖአጎች ጋር የተካፈሉት የመከር ማዕድ ነው ይባላል። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 የእርስ በርሱ ጦርነት ገና ሳይበርድ የምስጋና ቀን በመላው አገር እንዲከበር ዐወጁ፤ አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን የቈረጠው ግን በ1941 የወጣው ሕግ ነው። በበዓሉ አሳብ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን የምናነሣው ቅሬታ የለንም፤ አዝመራ ሲገባ ፈጣሪን ማመስገን በአገራችንም የኖረ ልማድ ነውና። ችግር የሚሆነው ቀኑና ሳህኑ ነው።

ቀኑን በቁጥር ላስረዳ። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ነው። ይህም በእነርሱ አቈጣጠር ኖቬምበር 24 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ግን ኖቬምበር 25 ይሆናል። የምስጋናው ሐሙስ ከ22 እስከ 28 ባሉት ቀኖች ውስጥ ስለሚመላለስ፣ በአብዛኛው ዓመት የሚያርፈው ከጾሙ ውስጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር 13 ቀን ስለዋለ ጾሙን ቀድሞ አለፈ፤ በ2017 ኅዳር 19፣ በ2018 ኅዳር 18 ቀን ዋለ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ልክ ጾሙ በሚገባበት በኅዳር 15 ቀን ዋለ። ዋዜማው ረቡዕ ስለሆነ፣ ቅበላው እንኳ የተፈጸመው ማክሰኞ ማታ ነበር።

ሳህኑስ? ተርኪ የሚሉት ትልቅ ዶሮ ሥጋ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን አጠገቡ የሚቀርበው የተፈጨ ድንች ቅቤና ወተት አለበት፤ በዱባ የሚጋገረው ጣፋጭ እንቁላል አለበት፤ ፎሶሊያው በክሬም የተለወሰ ነው፤ ከዶሮው ጋር የሚበላው ቅመም የገባበት ዳቦ እንኳ የራሰው በሥጋ መረቅ ነው። ጾመኛ ከዚያ ሁሉ በረከት ፊት ቀርቦ ያለ ሥጋት ሊያነሣ የሚችለው፣ ክራንቤሪ ከሚባለው ቀይ ፍሬ የተሠራውን ማርማላታ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር እኔ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ከልጄ ቤት ነበርሁ። የልጄ ባል አሜሪካዊ ነው፤ ልጆቹን በቤተ ክርስቲያናችን አስጠምቆ የሚያሳድግ ደግ ሰው ነው። እናቱ በየዓመቱ በዚህ በዓል ተርኪውን በገዛ እጃቸው አብስለው፣ ከእናታቸው የተማሩትንም ስኳር ድንች በቅቤና በወተት ለውሰው ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ሚያዝያ ወር ባለቤታቸው ዐርፈውባቸው ስለነበር፣ ያለ እርሳቸው የሚውሉት የመጀመሪያው የምስጋና ቀን ነበር። የልጅ ልጄ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷት፣ ዘንድሮ ጾሙን እስከ ልደት ዋዜማ ድረስ ሳላጎድል እጾማለሁ ብላ ለንስሓ አባትዋ ቃል የሰጠችው በዚያ ሰሞን ነው። ልጅቱ አያትዋን እጅግ ትወዳለች፤ ሴትዮዋም ልጅቱን አብልተው አይጠግቡም።

ከዘመድ ወዳጅ ምክር አልጠፋም። አንዱ፣ «ለአንድ ቀን ነው፤ ልጅ አይደለችም ወይ፤ ትብላና ነገ ትጀምር» አለ። ሌላው፣ «ጾም ነውና በዓል የለም ብላችሁ አስታውቁ» አለ። ሁለቱንም አልወደድሁትም። የመጀመሪያው ልጅቱን፣ ቃል ማለት ሰው እስኪመጣ ድረስ ነው ብሎ ማስተማር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሐዘንተኛን ሴት ከልጃቸው በር መመለስ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች ስለሚበላና ስለማይበላ ሰው የጻፈውን ያነበበ ሰው እንዲህ ያለውን ምክር ባይሰጥ ይሻለዋል። ልጄ በሁለቱ መካከል ቆማ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ ታድር ነበር። በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሳቸው ስልክ ደውለው፣ «እንግዲያው ባዶ እጄን ልምጣ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ልጄ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

መላው የመጣው ከጎረቤት ነው። ከልጄ ቤት ቀጥሎ የምትኖር አንዲት ነርስ አለች። አገርዋ በደቡብ ሕንድ ኬራላ ነው፤ ሃይማኖትዋም ኦርቶዶክስ ነው፤ ሕዝብዋ ክርስትናን ያስተማረን ሐዋርያው ቶማስ ነው ይላል። እኔን «አማቺ» ብላ ትጠራኛለች። በቋንቋዋ እናት ወይም አያት ማለት ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን አማች ስለሚመስል ቤተ ሰቡን ሁሉ ያስቅ ነበር።

ኬራላ የሚለው ስም ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም በየጥኖራ ነው። በደርግ ዘመን የነበረ ሰው ስሙን በገበሬዎች አምራች ማኅበሩ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኛ ተወላጆቹ የምናውቀው በጤፉና፣ ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ መሬት ርጥበቱን እንደ ያዘ በሚዘራበት ሽምብራና ጓያ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት ወደ ቢቸና ተልኬ ከአክስቴ ቤት ስቀመጥ፣ ሒሳብ የሚያስተምሩን መምህር የኬራላ ሰው ነበሩ። በዚያን ዘመን በአገራችን ትምህርት ቤቶች እንደ እርሳቸው ያሉ ብዙ ነበሩ። ኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብለው በኒው ደልሂ ሜትሮፖሊታን የሆኑት ፖል ቨርጊስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በመምህርነት ነው። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአኃት አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ በሰበሰቡ ጊዜም የሕንዱ ካቶሊኮስ ተገኝተው ነበር።

መምህራችን በጾም ወራት ምሳቸውን ራሳቸው ያበስሉ ነበር። ዘይቱን አግለው የስናፍጭ ፍሬ ሲጨምሩበት እየተንጣጣ ስለሚፈነዳ፣ አክስቴ ድስቱ የተሰነጠቀ መስሎአት ከደጅ ሮጣ የገባችበትን ቀን አልረሳውም። እኛ ስናፍጭን ፈጭተን ለስልጆና ለአዚፋ እናደርገዋለን እንጂ ፍሬውን በዘይት አንጠብስም። እርሳቸውን የቸገራቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። የአገራቸው የጾም ወጥ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ሲሆን፣ በቢቸና ገበያ ኮኮናት ከየት ይመጣል? አክስቴ ሱፍ አምሳ፣ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ ካጠለለች በኋላ እንደ ወተት የነጣውን በቅል ሞልታ ላከችላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጣቸውን በሱፍ ይሠሩ ጀመር፤ ከአገራቸው ኮኮናት አይተናነስም እያሉም ያመሰግኑ ነበር።

ይህን ለጎረቤታችን ብነግራት ሳቀችና፣ «እንግዲያው እኔ ኮኮናቱን ለሱፉ ልመልስ» አለች። ማዕዱ የታሰበው በዚህ ጊዜ ነው።

የእኛና የሕንዶች የቅመም መደብ አንድ ነው ማለት ይቻላል። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ድምብላል፣ አብሽ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል ከሁለታችንም ጓዳ አይጠፋም፤ ኑግ እንኳ ከእኛ አገር ቀጥሎ በብዛት የሚዘራው በሕንድ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሽምብራ ክክና ምስር ሲፈልግ ወደ ሕንዶች ሱቅ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ በአሠራር ነው። እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አብስለን፣ በርበሬውን ብዙ ጊዜ ሰጥተን እናቁላላለን፤ እነርሱ ወጡ ከበሰለ በኋላ ስናፍጩንና ካሪ የሚሉትን ቅጠል በጋለ ዘይት አንጣጥተው ከላይ ያፈስሱበታል። እንግዲህ ዱባውን በእኛ ሥርዓት በበርበሬ ሠራነው፤ ሊወርድ ሲል የኮኮናት ወተት ጨመርንበት፤ በመጨረሻ እርስዋ ስናፍጭዋን አንጣጥታ አፈሰሰችበት። የበርበሬው ኃይል ሳይጠፋ ቍጣው ብቻ ይበርዳል። በቤታችሁ ብትሞክሩት አትጸጸቱም። ፎሶሊያውም ክሬሙ ቀርቶ ደቅቆ ተከትፎ፣ በእርድና በተፈቀፈቀ ኮኮናት ታሸ። ክራንቤሪውን በዝንጅብልና በሚጥሚጣ ቀቅለን እንደ ዳጣ አቀረብነው። ምስር ወጡንና ሽሮውን እኔ ሠራሁ፤ እንጀራው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በአይዳሆ ከሚመረተው ጤፍ የተጋገረ ነው። የየጥኖራን ጤፍ አያህልም፤ ግን ዓይኑ መልካም ነው።

እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶች አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። ሕንዶች ሥጋ የለበትም ብለው የሚሸጡት ምግብ ሁሉ ለጾማችን አይሆንም። ሥጋ የማይበሉት ሂንዱዎች ወተትና እርጎ ይበላሉና፣ ወጡ ውስጥ «ጊ» የሚሉት እንደኛ የተነጠረ ቅቤ፣ ወይም «ፓኒር» የሚሉት አይብ ይገኛል፤ ናን የተባለውም ቂጣ ብዙ ጊዜ በእርጎ ይቦካል። በአሜሪካ ሱቆች ለእኛ የሚሆነው ቪጋን የሚል የተጻፈበት ነው።

የቀረው የሴትዮዋ ነገር ነበር። ልጄ መልሳ ደውላ፣ ተርኪያቸውን እንዳያስቀሩ፣ ለእርሳቸውና ለሌሎች እንግዶች ለብቻው ጠረጴዛ እንደሚዘረጋለት ነገረቻቸው። የስኳር ድንቹን ነገር ግን ጎረቤታችን ራስዋ ለመነቻቸው፤ ከእናታቸው የወረሱትን እንዳይተዉት፣ ነገር ግን በዋዜማው መጥተው በእኛ ማድ ቤት በቅቤውና በወተቱ ፈንታ በኮኮናት ወተትና በዝንጅብል ቢያደርጉት ምናልባት ይሆን እንደሆነ። መጡ። ሽርጣቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ ድንቹን እየላጠች፣ እርሳቸው እናታቸው በልጅነታቸው እንዴት እንዳስተማሩአቸው እየነገሩአት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ቆዩ። እኔ እንግሊዝኛዬ ጥቂት ስለሆነ ከዳር ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር፤ የሚባለው ግን አላመለጠኝም።

በበዓሉ ዕለት ማዕዱ የቀረበው በዘጠኝ ሰዓት ነው። አሜሪካኖች በዚህ ቀን የሚመገቡት በዚያው ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ የእኛን የጾም ሰዓት ያለ ክርክር ጠበቁልን። የልጄ ባል ጸሎት አደረገ። ስኳር ድንቹ የተቀመጠው ከጾሙ ጠረጴዛ መካከል፣ ከሽሮውና ከዱባው አጠገብ ነበር። ሴትዮዋ አስቀድመው የቀመሱት እርሱን ነው። ባለቤታቸው ቢኖሩ ኖሮ ጨው አነሰው ይሉ እንደ ነበር ተናገሩ፤ ጨው ጨመሩበትና ለልጅቱ በእጃቸው ጨለፉላት። ተርኪውም ተበላ፤ ማንም በማንም ሳህን ላይ አላፈጠጠም።

ስለ ተርኪው አንድ የሚያስገርም ነገር በማዕድ ላይ ተነሣ። ወፉ የአሜሪካ ተወላጅ ሆኖ ሳለ እንግሊዞች በቱርክ አገር ስም ጠሩት፤ ቱርኮች ደግሞ «ሂንዲ» ማለትም ሕንዳዊ ይሉታል፤ የፈረንሳዮቹም ስም የሕንድ ከሚለው የወጣ ነው። ጎረቤታችን፣ «በአገሬ ስም የሚጠራውን ሳልበላ ልሄድ ነው» ብላ አሳቀችን። በአንጻሩ እኛ የጎጃም የምንለው በርበሬና ዱባው ራሱ ዘራቸው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ስኳር ድንቹም እንዲሁ።

ጎረቤታችን ቀልዳ አለፈችው እንጂ፣ በቤተ ክርስቲያንዋ ሥርዓት የልደት ጾም የሚገባው ዲሴምበር 1 ቀን ስለሆነና ሃያ አምስት ቀን ስለሚጾም፣ በዚያን ዕለት ተርኪውን ብትበላ የሚከለክላት አልነበረም። ይህን የሰማሁት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን ስናጥብ ነው።

ዲሴምበር 25 ቀን የእርስዋ ልደት ሲሆን እኛ ገና ከጾሙ ውስጥ ነበርን፤ የእኛ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ነውና። ጠርታን ሄድን። ቤትዋ በዶሮና በዓሣ መዓዛ ተሞልቶ ነበር። በማድ ቤትዋ መስኮት ሥር ግን አንድ ድስት ለብቻው ተከድኖ ቆሞአል፤ በክዳኑ ላይ የልጅ ልጄ ስም በወረቀት ተጽፎ ተለጥፎበታል፤ ውስጡም የምስር ወጥ ነበር፣ ስናፍጭ የተንጣጣበት።