ያላየሁት ዝናብ

ሽማግሌው ስማዳ ውስጥ ዝናብ ይለካሉ። ጠዋት በ3 ሰዓት የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ ይገለብጡና ሚሊሜትሩን በመዝገባቸው ያሰፍራሉ። ኤልኒኞ ክረምቱን ባዛባበት በ2007 ዓ.ም. እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የእሳቸውን ቁጥር፣ የጋይንትንና የእስቴን፣ በራሱ የሚመዘግበውን መሣሪያና የሳተላይቱን ግምት በአንድ ሠንጠረዥ አዋህድ ነበር።

አዋህድ ነበር ማለቴ ድፍረት ነው። የእሳቸው 3 ሰዓት ለአንዱ መሣሪያ 9 ነው፤ በግሪንዊች ለሚቆጥረው ደግሞ 6። ሐምሌ 2 ጠዋት የተለካው ውሃ በአብዛኛው የሐምሌ 1 ዝናብ ነው። 2007 ራሱ ለፈረንጁ 2015 ነው። አንዱ ዝርዝር «እስቴ» ያለውን ሌላው በከተማው ስም «መካነ ኢየሱስ» ሲለው፣ ኮምፒዩተሩ ሁለት አገር ያደርጋቸዋል።

ይህን ሁሉ አቃናሁ ብዬ ስኩራራ የሳትኩት ሌላ ነበር። ከሽማግሌው መዝገብ የ11 ቀን ሣጥን ባዶ ነው። እኔም ከደጋው፣ ከላይ ጋይንት ቁጥር ወስጄ ሞላሁት። ስማዳ በካርታዬ ላይ አረንጓዴ ሆነች። ካርታውም ከእጄ ወጣ።

መስከረም ላይ ወርጄ ስለ ባዶው ጠየቅኋቸው።

«ታምሜ ተኝቼ ነበር» አሉኝ። «ከሰማይ ጠብ ያለ ነገርማ የለም። ግን ሳልለካ ዜሮ ብዬ ልጻፍ? አንተስ ልጄ፣ ያላየኸውን ዝናብ ከየት አመጣኸው?»

ባለሙያዎች ኦንቶሎጂ የሚሉት ነገር ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ነው። ቃሉ ከፍልስፍና ቢመጣም ሥራው ተራ ነው፦ መሣሪያው ሌላ፣ የተለካው ነገር ሌላ፣ የአለካኩ ዘዴም ሌላ መሆኑን ለማሽን በሚገባ መንገድ መጻፍ። የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ለሴንሰሮች እንዲህ ያለ የጋራ ውል አጽድቋል። ለጋይንት ሰው ነገሩ እንግዳ አይመስለኝም፤ ድጓ በየደብሩ የተማረ ሁሉ ለምስክር ወደ ቤተልሔም ይወጣ የለ?

ዛሬ በእኔ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ቁጥር በማን፣ በምን፣ በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደ ተገኘ፣ የተለካ ይሁን የተገመተ ይዞ ይሄዳል። ባዶው ባዶ ሆኖ ይቀመጣል፤ ግምቱ ከጎኑ፣ በገዛ ስሙ። ካርታህ ተበሳሳ የሚሉኝ አሉ። ይበሳ።

የዚያን ዕለት ሽማግሌው ሳይቀየሙኝ ጠላ አስቀዱልኝ። ከቤታቸው በታች ያለው ጤፍ ሳያሸት ደርቆ ነበር።