መዋስና ማዋስ

ጎንደር ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ ድንገት በእንግሊዝኛ ሆነ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ቦሮው፦ መዋስ»፣ ከሥሩ ደግሞ «ሌንድ፦ ማዋስ» ብሎ ጻፈ። እኔ መጨረሻ ወንበር ላይ ነበርሁ። ደብተሬ ላይ ሁለቱም «መዋስ» ሆነው ቀሩ። በ«መ» እና በ«ማ» መካከል ያለችው እግር አምልጣኝ ነው እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት።

አምስተኛ ዓመት ላይ ጓደኛዬ ከላብ በስሙ ፈርሞ ያወጣውን ኪት ለፕሮጀክቴ ተዋስሁት። ሌሊት ስሠራ ገመድ አገላብጬ ሰካሁና ቦርዱ ተቃጠለ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ክሊራንስ ሳይጀመር ለላቡ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፍሁ። ምነው በአማርኛ በጻፍሁት! ግን ኢንጂነር ልሆን አይደል? «አይ ሌንት ሂም ዘ ኪት» አልሁ፤ ቀጥዬ ቦርዱ መቃጠሉን ገለጽሁ። ከእሱ ተውሼ ነው ማለቴ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን «አዋስሁት፤ ተቃጠለ» ነው።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ሰላምታ አቆመ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተመረቅን።

ሥራ ከያዝሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ራስት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀመርሁ። የመጀመሪያው የተረጋጋ ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ዋና ሕጉ ደግሞ «ቦሮው» ይባላል። አንዱ የኮድ ክፍል የሌላውን ዳታ ይጠቀማል፣ ባለቤትነቱ ግን ከባለቤቱ አይነቀልም። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ሳነብ ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ቆይ፣ ቦሮው የሚያደርገው ተቀባዩ ነው እንዴ? ታዲያ ሌንድ?

ዳባት ያለችው አያቴ ይህ አይምታታባትም። ወንፊት ከጎረቤት ትዋሳለች፤ ያው ወንፊት ራሱ ይመለሳላ። ገብስ ግን ትበደራለች፤ የሚመለሰው በዚያው ቁና የተሰፈረ ሌላ ገብስ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በአንድ «ቦሮው» ደፍጥጦት ያልፋል። ጀርመኖችማ «ላይኸን» ብለው መስጠቱንም መቀበሉንም በአንድ ቃል ይገላገሉታል። በአያቴ ሚዛን የራስት ቦሮው ውሰት ነው፤ ብድር አይደለም። (ይህን ለባልደረቦቼ ሳስረዳ ከሰነዱ ይልቅ ቶሎ ገብቷቸዋል።)

ለጓደኛዬ ደወልሁ። ደብዳቤዬን አሳይተውት ኖሯል። አባቱ ከደባርቅ በላኩለት ገንዘብ ነው ቦርዱን የከፈለው። ለምረቃ ልብስ የተላከ ነበር።

«ቃል ተምታቶብኝ ነው» አልሁት።

ዝም አለ። ቆይቶ «አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምረህ?» አለኝ።

ገንዘቡን በቴሌብር ላክሁለት፤ ተቀብሎታል። ስደውልለት ግን አሁንም ቶሎ አያነሳም።