የገዛ እጄ ጽሕፈት

ኮምፒዩተርዎ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ቁጥር ከሩቅ ከመጠየቁ በፊት «ሆስትስ» የምትባለውን የራሱን ትንሽ መዝገብ እንደሚመለከት ያውቃሉን? ፖል ሞካፔትሪስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 የዛሬውን የስም መጠየቂያ ሥርዓት ከመንደፉ በፊት፣ በአርፓኔት መረብ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ስምና ቁጥር በአንድ መዝገብ ተጽፎ ይታደል ነበር። ይህች መዝገብ የዚያ ዘመን ቅሪት ናት።

እኔም አንድ ቀን ለሙከራ ብዬ የመሥሪያ ቤታችንን ድረ ገጽ ቁጥር ጻፍሁባትና ረሳሁት። ቁጥሩ በተለወጠ ጊዜ ለባልደረቦቼ ሁሉ ሲከፈት ለእኔ ብቻ እንቢ አለ። የመረቡን ሠራተኛ በአለቃችን ፊት ወቀስሁት። ጥፋቱ ግን የገዛ እጄ ጽሕፈት ነበር። መስመሩን ሰረዝሁ፤ ተከፈተ። ይቅርታውንም በዚያው አለቃ ፊት ጠየቅሁ።

እንግዲህ ሌላውን ከመውቀስዎ በፊት የራስዎን መዝገብ ይግለጡ።